ደብተሩ ላይ ቀን ጻፉበት

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  በአንገር ጉቲን፣ በኡኬ፣ በጊዳ አያና፣ በኪረሙ፣ በነቀምቴ ከተማም ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያነሣው ጉዳይ እዚህ ምሥራቅ ወለጋ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ በየጊዜው የሚገጥመው ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ቤት ውስጥ የተማረውን ማን ይቆጥርለታል? ማንስ አይቶ ያጸድቅለታል?

እስቲ የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። በአንገር ሸለቆ ቦቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከጫካ ይወርዳል። ያኔ ከየቤቱ አንድ ልጅ ወንጭፉን አንጠልጥሎ ማማ ላይ ይወጣል። ጊዜው ትምህርት ቤት የተከፈተበት ወር ነው። ወባውም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው። ልጁ አንድ ሳምንት ቀረ፣ ሁለት ሳምንት ቀረ፣ ከዚያ አልጋ ላይ ዋለ። ታላቅ እህቱ ደግ ከሆነች ማታ ማታ መጽሐፉን ገልጣ ታስጠናዋለች። ይህ የቤት ትምህርት ነው። ስም ስላልሰጠነው እንጂ በየጎጇችን ሲሠራበት የኖረ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ግን ከዚህ የከበደ ነው። በምሥራቅ ወለጋ፣ በተለይ በጊዳ አያናና በኪረሙ ወረዳዎች፣ በጸጥታው ችግር የተነሣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው ቤት ንብረቱን ጥሎ ሸሽቷል፣ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ በራቸው ተዘግቶ ከርሟል። ከየብሔረሰቡ፣ ከየእምነቱ ሰው ተፈናቅሏል። ነቀምቴ የገባ አለ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ደብረ ብርሃን መጠለያ የዘለቀ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቀዬአቸው የተመለሱ ቤተሰቦችም አሉ። ከተመለሱት መካከል ልጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሱ ወላጆችን የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠብቃቸው እዚያው ነው፦ «ካርዱ የታለ?»

የውጤት ካርዱ የለም። ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፣ ወይም በሽሽት ላይ ጠፍቷል። ልጁ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጠለያ ውስጥ አንድ የተፈናቀለ መምህር ከዛፍ ሥር ሰብስቦ አስተምሮታል፣ ወይም አባቱ ሒሳብ አሳይቶታል፣ ወይም የኔታ ፊደል አስቆጥረውታል፣ ወይም ሼኩ ሉሕ አስይዘው ቁርኣን አስቀርተውታል። የሚያውቀው ነገር አለ፤ እርግጥ ነው ብሎ የሚመሰክርለት ግን አጥቷል። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ምስክር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ «ማን ያስተምር? ማንስ ይፍቀድ?» የሚለው ጥያቄ ለነቀምቴ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት በሀገራችን ከመቋቋሙ በፊት የተነሣው እዚሁ ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ሰው ናቸው። ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። በዚህ ሥራ ከጎናቸው የነበሩት አስቴር ጋኖም እንደ እሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦኔሲሞስና ባልደረቦቻቸው ነቀምቴ ሲገቡ የሀገሩ ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በመልካም ተቀበሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆች በሚናገሩት ቋንቋ ፊደል መቁጠር ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉንም ሰው አላስደሰተም። የአካባቢው ካህናት ኦኔሲሞስን ከሰሷቸው፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1906 ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደረሰ፤ ከሀገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለወጡት። ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ስብከቱን ግን ይተዉ አሉ። ማስተማሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውንም እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት አንድ ነገር ስለሚያሳየኝ ነው። አንዱ ወገን «ይጥፋ» አለ፣ ገዥው «ይግባ» አሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወሰን አበጁለት። ዛሬም ከትምህርት ቤት ውጪ ስለሚሰጥ ትምህርት በዓለም ላይ የሚደረገው ክርክር በእነዚህ ሦስት መንገዶች ዙሪያ ነው።

ጀርመን የመጀመሪያውን መንገድ ይዛለች። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፤ ቤት አስተምራለሁ ማለት አይቻልም። ወላጆች እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ቢከራከሩም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 አቤቱታቸውን አልተቀበለም። አሜሪካ ውስጥ በአንጻሩ በሃምሳውም ግዛቶች ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ሕጋዊ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ከእነዚህ ውስጥ ፈቅዶ ወሰን የሚያበጀው፣ ለእኛም የሚጠቅም ትምህርት ያለው የማሳቹሴትስ አሠራር ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። 

በማሳቹሴትስ ልጁን ቤት ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ከመጀመሩ በፊት ለአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ያስታውቃል፤ ፈቃድም ያገኛል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በሰጠው ውሳኔ አስተዳደሩ ምን ምን ማየት እንደሚችል ለየ። ልጁ ምን ይማራል? ስንት ሰዓት ይማራል? ወላጁ ለማስተማር ብቃት አለው? እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ብቃት ማለት ዲግሪ ወይም የመምህርነት ምስክር ወረቀት አይደለም። በምን መጽሐፍ ይማራል? በመጨረሻም፣ መማሩ በምን ይታወቃል? መታወቂያው ፈተና ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ግን ቀን የተጻፈበት የልጁ ሥራ ወይም በየጊዜው የሚቀርብ ዘገባ ፈተናውን ይተካል። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ አስተዳደሩ «ቤታችሁ ገብቼ ካላየሁ አልፈቅድም» ማለት እንደማይችል ወሰነ።

ቀን የተጻፈበት የልጁ ሥራ ያልኩትን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

በሀገራችንስ?  እኛ ዘንድ የተለመዱት የትምህርት በሮች ሌሎች ናቸው። አንደኛው መደበኛው ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ነው፤ የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ፣ ሰዓቱን ከልጆቹ ሥራ ጋር የሚያስማማ፣ ትምህርት ቤት ለራቃቸው ልጆች የታሰበ ነው። በአንዳንድ ክልሎች ደግሞ ከዚህም የፈጠነ ሥርዓት አለ፤ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ተምረው፣ ተፈትነው፣ አራተኛ ክፍል ይገባሉ። ለዐዋቂው የርቀት ትምህርትና የግል ተፈታኝነት አለ። እነዚህን በሮች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ከመግባት በፊት የሚመዝን፣ የሚመዘግብ ሰው መቆሙ ነው።

በዕድሜ የገፋችሁ አድማጮቻችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ኦሮምኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ጎልማሳው ከእርሻ፣ እናት ከጓዳ እየወጡ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጠሩ። የብዙዎቹ መማሪያ የዛፍ ጥላ፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የጎረቤት ቤት ነበር። ሲጨርሱ ተፈተኑ፤ ያለፈው የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ብዙ ቤት ያ ወረቀት በመስተዋት ተሰቅሎ ኖሯል። መንግሥት ያን ጊዜ «የት ተማርክ?» ብሎ አልጠየቀም። «አንብብ፣ ጻፍ» ብሎ መዘነ። ስለ ዘመቻው ሌላ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ይህን አሠራሩን ግን ትክክል ነበር እላለሁ።

የኮሮናውን ጊዜስ? መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በአንድ ቀን እያንዳንዱ ቤት ትምህርት ቤት ሁን ተባለ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። ቴሌቪዥን የሌለው፣ ሬዲዮው ባትሪ የጨረሰበት ገበሬ ልጅ ምን ተማረ? ማንም ገብቶ አላየም። በሚቀጥለው ዓመት ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በስተቀር ሌላው ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ ተደረገ። አማራጭ አልነበረም፣ አልፈርድም። ነገር ግን የተማረውም ያልተማረውም እኩል አለፈ። ባዶውን ያለፈ ልጅ ጉድለቱ የታየው በኋላ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ማንበብ ሲያቅተው ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም ጥፋት አይተናል። ሳይመዝኑ ማሳለፍ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ በእኛ አካባቢ የምፈራው፣ ሳይመዝኑ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ካርድ የለህም ተብሎ የአራተኛ ክፍሉን ሒሳብ የሚሠራ የ12 ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ቢቀመጥ፣ ያ ልጅ ስንት ወር ይቆያል? ያፍራል። ከዚያ ወንጭፉን ይዞ ወደ ማማው ይመለሳል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ይላክባታል።

ዩኒሴፍ በሀገራችን ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጆች 9 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ ገልጿል። ከእነዚያ ውስጥ ምንም ያልተማረውን ቤት ውስጥ ከተማረው የሚለይልን ቁጥር አይደለም። የሚለይልን አንድ መምህር ከልጁ ጋር ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲያስነብበውና ሒሳብ ሲያሠራው ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ።

አንዲት እናት አስቡልኝ። ልጇን ትምህርት ቤት መላክ አልቻለችም፤ መንገዱ ያስፈራታል። እሷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። «እኔ ምን አውቄ?» ትላለች። እኔ ግን፣ እማማ፣ ታውቂያለሽ እላታለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ክፍል 60 ልጅ ቢኖር መምህሩ ለእያንዳንዱ ቢያካፍል አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። አንቺ ማታ እራት እስኪበስል ለልጅሽ አንድ ሰዓት ብትሰጪው በየዕለቱ ለብቻው የተሰጠ መምህር አገኘ ማለት ነው። ለታችኛው ክፍል ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት የተረጋጋ ትምህርት ብዙ ነው።

አንድ ደብተር ይለይለት። በየገጹ አናት ላይ ቀን ይጻፍበት። ዛሬ ያነበበው፣ የደመረው፣ ያባዛው እዚያው ይቀመጥ። ስሕተቱም አይፋቅ፤ ኅዳር ላይ የሳተውን ጥር ላይ ካስተካከለ መማሩ የሚታየው በዚያ ነው። ያስተማረው ሰው ከገጹ ግርጌ ስሙን ይጻፍ፣ ይፈርም። ያንን ደብተር ከመሬት ካርታው፣ ከልደት ወረቀቱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። ሽሽት ቢመጣ ከቤት ይዛችሁ የምትወጡት ነገር እሱ ይሁን። ማሳቹሴትስ ላይ ፍርድ ቤት የተቀበለው ማስረጃ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ትምህርቱም ከመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ጋር ይሂድ። የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ በተራ ይነበባል። ተረት ንገሩት፣ የአንገር ወንዝ ከየት ተነሥቶ ደዴሳ እንደሚገባ፣ ደዴሳም ዓባይ እንደሚገባ አሳዩት፤ ይህ ሁሉ ጂኦግራፊ ነው። ኩንታል ቦቆሎ በስንት ተሸጠ፣ ማዳበሪያው በስንት ተገዛ፣ ልዩነቱ ስንት ነው? ይህም ሒሳብ ነው። መጽሐፉን ግን አትልቀቁ፤ ልጁ ነገ የሚመዘነው በእሱ ነውና።

ሌላው፣ ተሸሽጋችሁ አታስተምሩ። ብዙ ወላጅ ልጄ ቀረ ብሎ ከጠቆመ ቅጣት የሚመጣበት ይመስለዋል። መሸሸጉ ግን የሚጎዳው ልጁን ነው። ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፤ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አለ። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ በየትምህርት ቤቱ የሚዞር ሰው ነው፤ ደብተሩን አንድ ጊዜ አይቶ ቢፈርምበት ለልጁ ጥሩ ማስረጃ ይሆነዋል። ከቀበሌ «በእነዚህ ወራት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር» የሚል ደብዳቤ ማውጣትም ይጠቅማል። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀው ልጅ ከሆነ ደግሞ ቶሎ በሉ። ምዝገባው የሚካሄደው ፈተናው ወራት ሲቀሩት ነው፤ ስሙ ያልተላለፈ ልጅ ቢያውቅም አይፈተንም።

(ሙዚቃው ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል)

ይህንን ዝግጅት የሚሰሙ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባልደረቦችም አሉ። ለእናንተ የምለው አለኝ።

ሥራችሁ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከእናንተ ውስጥ ራሱ የተፈናቀለ፣ ደመወዙ የዘገየበት፣ ቤቱ ያልተጠገነለት አለ። ቢሆንም ልጁን ከመመለሳችሁ በፊት ፈትኑት። የምደባ ፈተና ለማዘጋጀት ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ ከየክፍሉ መጽሐፍ መጨረሻ የተወሰደ ሁለት ገጽ ጥያቄ ይበቃል። ከአንደኛ ክፍሉ ጀምሩ፤ የቻለውን ያህል ይውጣ፤ ያቆመበት ክፍል የሱ ክፍል ነው።

ስትፈትኑትም በምን ቋንቋና በምን ፊደል እንደተማረ ጠይቁት። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው በእኛ አካባቢ ልዩ ትርጉም ስላለው ነው። አንገር ጉቲን ከወሎና ከሌላም ቦታ በሠፈራ የመጣ ሕዝብ ከነባሩ ኦሮሞ ጋር የሚኖርበት አካባቢ ነው። የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ ልጅ የግዕዝን ፊደል እንደ ውኃ ያነባል፤ የኦሮምኛውን የላቲን ፊደል ቁቤን ስታሳዩት ግን ይደናቀፋል። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ደብረ ብርሃን መጠለያ የከረመው ልጅ ደግሞ በተገላቢጦሽ ይቸገራል። ሁለቱም ማንበብ ይችላሉ። የጎደላቸው ሁለተኛው ፊደል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥቂት ወራት ይደረስበታል። «ማንበብ አይችልም» ብላችሁ ብትጽፉበት ግን የተሳሳተ ፍርድ ነው፤ ልጁን ዓመታት ያስከፍለዋል።

ቁጥጥሩንም አትተዉ። ወላጅ ሁሉ ያስተምራል ማለት የዋህነት ነው። «ቤት እያስተማርኩት ነው» የሚል ቃል ከብት ለማስጠበቅ፣ ወይም ልጅቷን ለመዳር ሽፋን ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ትምህርትን የልጁ መብት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ ወላጅ ለልጁ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጪ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የሚመርጠው ግን መንግሥት የወሰነውን አነስተኛ የትምህርት ደረጃ የሚያሟላ መሆን አለበት። ያ ደረጃ መሟላቱን የምታዩት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ወር በገባ አንድ ቀን ደብተሩን ጠይቁ። ባዶ ከሆነ ወላጁን ጥሩና አነጋግሩ፤ ልጁን ወደ ክፍል መልሱ። ሞልቶ ካገኛችሁት ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት።

አድማጮቼ፣ ሰዓታችን አልቋል። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲጀመር ካርድ የለኝም ብላችሁ ልጃችሁን ቤት እንዳታስቀሩ። ደብተሩን፣ የቀበሌውን ደብዳቤና ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ካርድ የለውም፣ ፈትኑልኝ» በሉ። ደብተር ያልጀመራችሁም ዛሬ ማታ ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የዛሬን ቀን ጻፉ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)